ሚግ አልፎ ይሄድ ነበር

አጎቴ ጦርነትን በጆሮው ያውቅ ነበር። በወጣትነቱ፣ በደርግ ጊዜ፣ በምሥራቅ ግንባር ዘምቶ ትከሻው ውስጥ የብረት ፍንጣሪ ይዞ ነው የተመለሰው። ከአምባ ጊዮርጊስ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው አገራችን ተኩስ በተሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያየው የእሱን ፊት ነበር። «ይቺ ክላሽ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ናት፤ ሥራችሁን ሥሩ» ይላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ይኼ ዲሽቃ ነው፤ ልጆቹን ወደ ገደሉ አውርዱ» ይላል። መድፍ ሲያጓራ ወዴት እንደሚወድቅ ከድምፁ ይገምታል። ተሳስቶ አያውቅም ማለቴ አይደለም፤ ግን በእሱ ቃል ወርደን ብዙ ጊዜ በሕይወት ወጥተናል።

እኔ የምኖረው አዘዞ ነው፤ ሚኒባስ እነዳለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ አጎቴና ሚስቱ ናቸው። እሱን እንደ አገሬው «አያ»፣ እሷን «እማ» እላለሁ። የዚያን ዓመት በገብስ መውቂያ ወራት በአገራችን ያለው ውጊያ እየመጣ እየሄደ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ገብሱን ሲወቁ ላግዛቸው ብዬ ወደ እነሱ ወጣሁ።

ደቦው ትልቅ አልነበረም፤ ጎረቤትና ዘመድ ብቻ ነው። በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፣ እኛ በመንሽ ጭዱን እናነሣለን። ከወንዶቹ ሁለቱ ጠመንጃቸውን የድንጋይ ካቡ ላይ አስደግፈዋል። በእኛ አገር ወንድ ጠመንጃ የሚይዘው እንደ ዱላው ነው፤ እርሻም ገበያም ይዞት ይሄዳል።

ፀሐይዋ ከፍ እንዳለች ከሩቅ እንደሚፈጭ ወፍጮ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ወፍጮው ተጠገነ እንዴ?» አለች አንዲት ጎረቤት።

አልተጠገነም። ድምፁ ከላይ ነበር። ቀና ብለን ብናይ ጥርት ካለ ሰማይ በቀር ምንም የለም። መኪናዬ ውስጥ ተሳፋሪ ሲያወራው ሰምቼ ስለነበር «አያ፣ ድሮን የሚሉት እንዳይሆን» አልሁት።

«አውሮፕላን ነው?»

«እንደ አውሮፕላን ነው፤ ሰው ግን የለበትም።»

ትንሽ አሰበና እጁን ወደ አውድማው ዳር ወይራ ዘረጋ። «ከዛፉ ሥር ግቡ! የጠላት የጦር አውሮፕላን፣ ሚግ፣ ሲመጣብን እንዲያ ነበር የምናደርገው። የሚያብለጨልጭ ነገር ሸፍኑ፤ ቀና አትበሉ፤ አልፎ ይሄዳል።»

ሁሉም ገባ። ወንዶቹ ጠመንጃቸውን አንሥተው ገቡ፤ ትቶት የሚሄድ የለምና። ሴቶቹ ከግንዱ ተጠግተው ተቀመጡ። ድምፁ ግን አልሄደም። አንዴ ይርቃል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ደግሞ ይዞራል።

«ይኼ ምነው አይሄድም?» አለ አያ ለራሱ።

በሬዎቹ ጠባቂ ሲያጡ ወደ ጎረቤት ስንዴ አቀኑ። እህሉ ገና አልታጨደም። እኔና አያ ልንመልሳቸው ጎንበስ ብለን ወጣን። በሬዎቹ ጋ ስንደርስ እማን አየናት፤ ለደቦው ምሳ በአገልግል ተሸክማ ከቤት እየመጣች ነው። ድምፁን ሰምታ ከሜዳው መካከል ቆማለች።

«አትቁሚ!» ብሎ ጮኸ አያ። «ሩጪ! ከወይራው ሥር ግቢ!»

ሮጠች። አገልግሉን አልጣለችም፤ በሁለት እጇ አቅፋው ነው የሮጠችው። ሰዎቹ ሲጠጉላትና ቦታ ሲሰጧት አየሁ።

ቦምቡ ሲወርድ እንደ መድፍ ፉጨት፣ እንደ አውሮፕላን ጉርምርምታ ያለ ነገር አልሰማሁም። መሬቱ ተነሥቶ መታኝ። አፌ በአፈር ተሞላ። ቀና ስል የወይራው ግማሽ የለም፤ ገብሱ እየነደደ ነው። ከሥሩ ከነበሩት በሕይወት የተረፈ አልነበረም።

አያ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። እሷን ፈልጎ አገኛትና ጋቢውን አለበሳት። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁ አሁንም ከላያችን ይዞራል። ከላይ ያለው ሬሳ ስንሸፍን ያየናል ማለት ነው።

«አያ፣ ተነሥ፣ እንሂድ» አልሁት።

«ሚግ እኮ አልፎ ይሄድ ነበር» አለኝ፤ እንደሚከራከረኝ ሆኖ። «አልፎ ይሄድ ነበር።»

ጎትቼ ወደ ገደሉ አወረድሁት።

ቀብሩ በችኮላ ሆነ። ለቀስተኛ አልተጠራም፤ ሬሳው አንድ በአንድ፣ በጥቂት ሰው ትከሻ ሄደ። ቄሱ ፍትሐት እያደረሱ «ተራራቁ፣ ልጆቼ፣ ተራርቃችሁ ቁሙ» ይሉ ነበር። ሐዘንተኛን ተራርቀህ አጽናና ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አያን አዘዞ አመጣሁት። ቤቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም። በመጣ ማግስት ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የመንገደኛ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። ከውጭ ስገባ ግቢው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ አገኘሁት፤ ማስታጠቢያው ተደፍቶ ልብሱን አርሶታል።

«አያ፣ የመንገደኛ ነው እኮ።»

«አውቄዋለሁ» አለ ሳይነሣ። «ጆሮዬ አውቆታል። ጉልበቴ ነው ያላወቀው።»

አንድ ቀን ራት ላይ ድንገት ጠየቀኝ። «ያን ነገር የሚያዘው ሰው የት ተቀምጦ ነው?»

«ሩቅ ነው ይላሉ። ቤት ውስጥ ሆኖ እንደ ቴሌቪዥን ባለ ነገር ከታች ያለውን ያያል።»

«በእኛ ጊዜ የሚተኩስብህ ሰው ቢያንስ ይፈራህ ነበር። አንተም ትፈራዋለህ። እሱም ይስታል፣ አንተም ትስታለህ፣ መካከል ላይ ሰው ይተርፋል።» ጉርሻውን ሳይጎርስ መልሶ አስቀመጠው። «እና እንደ ቴሌቪዥን ያያል?»

«ያያል ይባላል።»

«ታዲያ አገልግሉን አላየም?»

ማስታጠቢያውን አቀረብሁለት። እጁን ታጥቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

የእማ አርባ ሲቃረብ «ወደ አገሬ መልሰኝ» አለ። ልለምነው ብሞክርም አልሰማኝም። ገና ሳንደርስ ለመንደሩ መልእክት ላከ፤ ዳስ አይጣልም፣ ማንም እንዳይመጣ፣ በእኔ ምክንያት ሁለተኛ ሰው አይሰበሰብም የሚል። ቄሶቹ ጸሎቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አድርሰው ተበተኑ። የአክስቴ ልጅ ያዘጋጀችውን ምግብና ጠላ ይዘን እኔና እሱ ብቻ ቤት ውስጥ ተቀመጥን። ሸጋ ቀን ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ። ድሮ እንዲህ ያለ ሰማይ ደስ ይለን ነበር፤ አሁን የምንመርጠው ጉም ነው።

ረፈድ ሲል አንዲት አሮጊት በወንዙ በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን ነጭነቱ ከሩቅ እንዳይታይ ጭቃ ውስጥ ነክራ አጥቁራዋለች። ገባች፣ አያን አቅፋ ትንሽ አለቀሰች፣ አንድ ጉርሻ ጎረሰችና «እግዜር ያጥናህ» ብላ ወጣች። እሷ ከዓይን ስትጠፋ በሌላ አቅጣጫ አንድ ሽማግሌ መጣ። እሱ ሲወጣ ሌላ ሰው። ማንም ከማንም ጋር አልገባም። እንዲህ ሆነው ቀኑን ሙሉ ሲመጡ ዋሉ፤ አያም ለእያንዳንዱ ከመደቡ ይነሣል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል።

ከመጨረሻዎቹ አንዱ አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነበር። ጠላውን ጨርሶ ለመሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ቆመ።

«እንግዲህ ድምፁ ሲመጣ ወዴት እንበል?»

አያ ከበሩ ውጭ ወዳለው ሰማይ አየ። ሰውዬው ዓይኑን ከፊቱ ላይ አላነሣም፤ ድሮ ተኩስ ሲሰማ እንደምናየው ያየው ነበር።

«አላውቅም» አለ አያ። «አትሰብሰቡ እንጂ ሌላ አላውቅም።»

ጓደኛው ራሱን ነቀነቀና በጓሮ በኩል ወጣ። ቀጥላ የምትገባዋ ሴት ከግቢው ካብ ጀርባ ቁጭ ብላ እስኪርቅ ትጠብቅ ነበር።