ደብረ ብርሃን ላይ የጠፋችው ልጄ

ይህ የደረሰብኝ ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ገደማ ነው። ልጄ ሜላት ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው፣ እናት ሆኜ «እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ» ስለተባልኩ ነው። ከዚያ የከበደ ትእዛዝ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ሸዋ ሮቢት ተወልጄ ያደግሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ያኔ ሥራው መተሐራ ስለነበር እኔና ሜላት ብቻችንን ነበርን። ብቻችንን ስል ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘሃራ ጋር ማለቴ ነው። እሳቸው ካሉ ቤቱ ሙሉ ነው።

ሜላት ስትናደድ ወይም ወድቃ ስትመታ አንዴ ትጮህና ድምጿ ይቋረጣል። አፏ እንደተከፈተ ይቀራል፣ ትንፋሽ የለም። ፊቷ አመድ ይመስላል፣ ከዚያ ዝልፍልፍ ትላለች። ጥቂት ቆይታ ራሷ ትነቃለች። ሰፈራችን ለዚህ ያወጣለት ስም «መጥፋት» ነው። «ሜላት ጠፋች!» ከተባለ አንዷ ውሃ ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ ፊቷ ላይ እፍ ትላለች፣ እትዬ ዘሃራ ቢስሚላሂ እያሉ እግሯን ያሻሉ። እኔ ደግሞ ይዤ እንጣታለሁ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያየቻት ነርስ ይህ በብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ ነው አለችኝ። ሆኖም የልብ ምት ችግርም እንዲህ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ለማንኛውም ደብረ ብርሃን ሄዳ በማሽን ትታይ ብላ ላከችን። እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማሁት «ልብ» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰፈሩም እንደዚያው። ወሬው አድሮ «የሜላት ልብ ቀዳዳ አለው» ሆኖ ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ያስለቅሳት? ማንጎ ካለች ማንጎ፣ የልብስ ሜትሬን ካለች ሜትሬን። የሰው ጫማ አንስታ ስትሄድ ባለጫማው በባዶ እግሩ ይከተላታል እንጂ አይቀማትም።

ለጉዞው እጅጌ የሌላት ስስ ቀሚስ ሰፋሁላት። ሐኪም ፊት አምሮባት ትቅረብ ብዬ ነው። እትዬ ዘሃራም ስስ ሻሻቸውን አጣፍተው አብረውኝ ተነሱ። አውቶቡሱ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ሜዳው ላይ ሲወጣ ብርዱ አጥንታችን ድረስ ገባ። የቆላ ሰው ጅልነት! በሽታውን ስናስብ ሰንብተን ብርድ የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

የሆስፒታሉ ሐኪም ረጋ ያለ ጎልማሳ ነበር። ስትተኛም ይመጣባታል ወይ፣ ሳትናደድም ትወድቃለች ወይ እያለ ጠየቀኝ። ከቤተሰብ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ እንዳለም ጠየቀ። የለም አልኩና ወንድሜ ትዝ አለኝ። እሱን እንኳን ሮቢ ወንዝ ነው የወሰደው አልኩት።

«ዋና ይችል ነበር?»

ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚበልጥ ዋናተኛ ነበር፤ ወንዙም ያን ቀን ጎድሎ ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። ሐኪሙ ሜላትን አያት። አንዳንድ የልብ ምት ችግር በዘር እንደሚመጣ፣ ሰው ሲዋኝ ወይም ሲደነግጥ ልቡን ሊያቆመው እንደሚችል በቀስታ አስረዳኝ። ያን ሁሉ ዓመት የምረግመው ወንዙን ነበር።

የሜላትን ልብስ አውልቀን አልጋው ላይ አስተኛናት። ደረቷን ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ የማሽኑን ገመዶች ሲለጥፍባት ታለቅስም ትንቀጠቀጥም ጀመር። ማሽኑ ወረቀቱ ላይ የሚያወጣው መስመር ዝም ብሎ የተሞነጫጨረ ነገር ሆነ።

«ይሄ ልቧ አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ብርዱ ነው።»

ሊደግመው ሲል ሜላት አንድ ጊዜ ጮኸችና ድምጿ ተቋረጠ። ፊቷ ነጣ። ላነሳት እጄን ስዘረጋ ሐኪሙ ያዘኝ።

«አትንኪያት። ልየው።»

መስመሩ ረጋ፣ ከዚያ ጉብታዎቹ ተራራቁ፣ ከዚያ እብጠትም ጉብታም የሌለው ቀጥ ያለ ሆነ። እኔ ማንበብ የምችለው ፊደል እንጂ የልብ ምት አይደለም፤ ያችን ቀጥ ያለች መስመር ግን አነበብኳት። ልጄ እፊቴ እየሄደች ነው፣ የሰው ሰው እጄን ይዞኛል። እትዬ ዘሃራ «ጠፋች! ጠፋች!» እያሉ ወደ ውጭ ሮጡ።

መስመሯ አንዴ ብድግ አለች። ቆየችና ደግሞ ብድግ አለች። ሜላት አየር ስባ ለቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

ይሄኔ በሩ ተከፈተና የግቢው ዘበኛ እያለከለከ ገባ። የእትዬ ዘሃራን ጩኸት ሰምቶ ልጅ የተሰረቀ መስሎት የግቢውን በር ዘግቶ፣ የሚወጣውን ሰው ሁሉ አግዶ ነው የመጣው።

«የጠፋችው ልጅ ምን ለብሳ ነበር?» አለ።

«ምንም አልለበሰችም፤ ይቺውና» አሉ እትዬ ዘሃራ ከኋላው።

ሰውየው ራቁቷን የምትንቀጠቀጠውን ልጄን አየ። ካፖርቱን አውልቆ ከነገመዶቿ አለበሳት። ልጄ ሞቋት ተኛች። ማሽኑ ያኔ ልቧን አገኘው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ አየ። የልቧ ምት ልክ እንደሆነ፣ ወንድሜ ነበረበት ይሆናል ብሎ የፈራው ነገር እሷ ላይ እንደማይታይ ነገረኝ። ስትደነግጥ ወይም ስትመታ ልቧ ለጥቂት ይዘገያል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል፤ ስታድግ ይተዋታል አለ። ደም ማነስ ያባብሰዋል ብሎ የአይረን ሽሮፕ አዘዘላት።

«እስኪተዋት ድረስ ምን ላድርግላት?»

«በጎኗ አስተኚያትና እጅሽን ሰብስበሽ ተቀመጪ። ውሃ የለም፣ መናጥ የለም። ጠብቂያት።»

ቤታችን በተመለስን ሰሞን መቀሴን ስቀማት ጠፋች። በጎኗ አስተኛኋትና እጆቼን ጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶች ውሃ ይዘው ሲመጡ እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። «ሐኪም አትንኩ ብሏል» እያሉ እሳቸው ራሳቸው ያለቅሳሉ። አንዷ «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ድንጋይ እናት ናት» ስትል ሰማኋት። ዓይኔ ከልጄ ደረት ላይ አልተነሳም።

ሜላት ትምህርት ቤት ሳትገባ በፊት ተዋት። አሁን ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ምላሷ መቀስ ነው። ወንድሜን ወንዙ ይውሰደው ልቡ፣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የሚገኝም አይመስለኝም። ወንዙን መርገም ግን አቁሜአለሁ።

ባለፈው ሰሞን ተቆጥቻት አኩርፋ ዝም አለች። የስፌት መኪናዬን አቁሜ እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ደረቷን እመለከታለሁ፤ ለራሴ አልታወቀኝም። እሷ ግን ታውቃለች። ኩርፊያዋን ትታ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ተንፍሺ እንጂ።»