ወንድሜ ያልመረጣት ሴትዮ

እናቴ የእንግሊዝን ፖለቲካ መከታተል የጀመረችው በማሞቂያ ምክንያት ነው።

ታላቅ ወንድሜ እንግሊዝ አገር አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ያጥብ፣ ያበላ፣ ያለብስ ነበር። አንድ እሑድ በስልክ ሲያወራት፣ ለአረጋውያን ይሰጥ የነበረው የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ከብዙዎቹ ላይ መነሳቱን ነገራት። አንዲት አሮጊት ካፖርት ለብሰው አልጋ ውስጥ እንዳገኛቸውም ነገራት። እናቴ እዚህ ቴክሳስ፣ ዋይሊ ከተማ፣ ማቀዝቀዣው ኤሲ ቀኑን ሙሉ በሚያጓራበት ሳሎናችን ተቀምጣ እንባዋ መጣ።

"በገዛ አገራቸው?" አለች። "በገዛ አገራቸው ይበርዳቸዋል?"

እሷም ጡረተኛ ናት። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ትምህርት ቤት አጽድታለች። ጡረታዋ ምን እንደሚገዛ ስለምታውቅ ነው መሰለኝ ነገሩ የገባት።

ከዚያ ሥልጣን ላይ ያለው የወንድሜ ፓርቲ መሪውን ሊቀይር ሆነ። ወንድሜ አባል ስለነበር ድምፅ ነበረው። መጨረሻ ላይ ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀሩ። አንዷ መነጽር የምታደርግ ሴትዮ ናት። የጡረታ አበል በየዓመቱ እንዲያድግ የተገባውን ቃል አልነካም፣ ቁጠባ ካስፈለገ ለአካል ጉዳተኞች ከሚሰጠው ድጋፍ ላይ እናያለን ትላለች። ሌላው ቀጭን ሰውዬ ነው። እሱ ደግሞ የአካል ጉዳተኞቹ ድጋፍ አይነካም፣ የጡረታውን ጭማሪ ግን እንደገና እናስብበት ይላል። እናቴ ወዲያው የሴትዮዋ ደጋፊ ሆነች። ቪዲዮዋን ፈልግልኝ እያለች ከሥራ ስገባ ስልኬን ትቀማኛለች። ቋንቋውን አትሰማም። ፊቷን ታያለች።

"እማዬ፣ አንቺ እኮ ከአባላቱ ትብሻለሽ" ይላታል ወንድሜ። "መታወቂያ ላስወጣልሽ?"

"አውጣልኝ! ብቻ ባለ መነጽሯን ምረጥልኝ። ያ ሰውዬ ፊቱ አላማረኝም። ምግብ የሚበላም አይመስለኝ።"

"ምግብ ይበላል፣ እማዬ።"

"አንተ ምን ታውቃለህ? አብረኸው በልተሃል?"

ይህን ባወሩበት እሑድ ማታ፣ ለመምረጥ ገና ጊዜ አለኝ ብሎ ከተሰናበታት በኋላ፣ ለእኔ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እስካሁን አለኝ። "ስማ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት። እኔ የምመርጠው ሰውዬውን ነው። ዊልቸር ላይ ያለ አንድ ልጅ አለኝ፣ ማለቴ የምንከባከበው። ድጋፉን ከቀነሱበት እኔም ቤቱ አልሄድም ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ማን ያነሳዋል? ወረቀቱን ነገ እሞላዋለሁ፣ ገና አንድ ሳምንት አለው።"

ሰኞ ጠዋት በብስክሌት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ መኪና ገጨው።

አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ሲደውልልኝ የምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውሱ ውስጥ ነበርኩ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ሳጥኖቹን ስካን ማድረጌን ቀጠልኩ። ሱፐርቫይዘሬ ትከሻዬን ሲነካኝ አንዱን ሳጥን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም ነበር። ቶሎ ወጣሁና ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፓስተራችን ሄድኩ።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ አንድ ሰው ብቻውን እንደማያረዳ አውቃለሁ። ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ሽማግሌ እያለ ነው። ግን እዚህ አገር መርዶም ሺፍት ይጠብቃል። ፓስተሩ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በየተራ ደወሉ። አንዱ ኤርፖርት ይሠራል፣ አንዱ ይነዳል። ነርሷ የቤተ ክርስቲያን እህታችን፣ የእናቴን የደም ግፊት የምታየው እሷ ናት፣ እስከ ዓርብ ሥራ ትገባለች። ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ተወሰነ።

"እስከዚያ ቻለው" አሉኝ ፓስተሩ። "ፊትህን ጠበቅ አድርግ።"

ሰኞ ያለ ሰዓቴ ቤት ስገባ እናቴ አሞህ ነው ወይ አለችኝ። ራሴን ነው አልኳት። ማክሰኞ ጠየቀችኝ።

"ወንድምህ ስልኩን ለምን አያነሳም?"

"ተበላሽቶበት ነው። ለእኔ በሥራ ኮምፒዩተር ይጽፍልኛል።"

"መረጠ?"

"መረጠ።"

"ማንን?"

እንዴት እንደሆነ አላውቅም። "ሴትዮዋን" አልኩ።

እልል አለች። ወጥ ቤት ቆማ፣ ሽንኩርት በእጇ ይዛ፣ እልል አለች። ከዚያ ሌላ ምን አለ፣ ምን በላ፣ ዝናቡ እንዴት ነው እያለች ጠየቀችኝ። እኔም መለስኩ። ብዙ መናገር የማልችል ሰው ነኝ፣ ግን እሱን ሆኜ ስናገር አልተቸገርኩም። ቀልዱን ሳይቀር ፈጠርኩለት። እናቴም ሳቀችለት። እሱ እንደዚያ ሲያስቃት የነበረ ይመስለኝና ለአፍታ ደስ ይለኛል። ከዚያ መቀመጥ ያቅተኛል።

ያን ሳምንት መኪናዬን ሁለቴ አጠብኩ። ረቡዕ ከሥራ በኋላ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ፍሪስኮ ከተማ ድረስ ነዳሁ፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ፊት ፓርክ አድርጌ የድምፅ መልእክቱን ሰማሁ፣ ተመለስኩ። ሐሙስ ደግሞ ዴንተን ከተማ ሄድኩ። እዚያም ያው። ቤት ስገባ እናቴ "ዛሬስ ምን ጻፈልህ?" ትላለች።

ቅዳሜ ሰዎቹ ሱፐርማርኬቱ ፓርኪንግ ላይ ተገናኝተው አብረው መጡ። እንዳትደነግጥ ብለው ጥቁር አልለበሱም። የጸሎት ፕሮግራም ነው ተብላ ስለነበር እናቴ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ሻይ አፍልታ ነበር። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን የያዘውን ቦርሳ እግሯ ሥር አስቀመጠች። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እናቴ ቀደመቻቸው።

"ፓስተር፣ ሻይ ይጠጡ እንጂ። እንግሊዝ ያለው ልጄ እኮ መሪ መረጠ! የኔን ሴትዮ ነው የመረጠልኝ። የእናቱን ቃል አይጥልም።"

"የተባረከ ልጅ ነው" አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ዓይናቸውን ስኒው ላይ አድርገው።

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ነው የገባኝ። አሁን ፓስተሩ ቢናገሩ ይህ ውሸቴ እንደዚህ ይቀራል። ስታለቅስ፣ የኔን ቃል ሰምቶ ነው የሞተው እያለች ታለቅሳለች። መጨረሻ ላይ ያሰበው ስለዚያ ልጅ ነበር፣ እናቴ ግን መቼም አታውቀውም። እኔ የፈጠርኩትን ወንድም ነው የምትቀብረው።

"አልመረጣትም" አልኩ።

"ማንን?"

"ሴትዮዋን። ሰውዬውን ነበር ሊመርጥ ያሰበው። ዊልቸር ላይ ላለ ለአንድ ልጅ ብሎ። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።"

ፓስተሩ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ፣ ተው እንደማለት። እናቴ አላየቻቸውም።

"ታዲያ ሰውዬውን መረጠ?"

"አልመረጠም።"

"ለምን አይመርጥም? ጊዜ አለኝ ብሎኝ የለም እንዴ?"

እናቴ እንግዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንም ሻዩን አልነካም። ከዚያ ነርሷ እግር ሥር ያለውን ቦርሳ አየች።

"ሰኞ ነው?" አለችኝ። "ያለ ሰዓትህ የመጣህ ቀን?"

"አዎ፣ እማዬ።"

የዚያን ጠዋት የቀረውን አልጽፍም። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው የቤታችን ጋራዥ ውስጥ አገኙኝ።

"አንተ ልጅ፣ መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው? በምርጫ?"

ይቅርታ አልኳቸው። እውነታቸውን ነው። የሚናገረው ሰው ተመርጦ፣ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ አበላሸሁት።

እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይዘመራል፣ ይጸለያል። በአራተኛው ቀን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች እጇን ዘረጋች። "ድምፁን አሰማኝ።"

ከፈትኩላት። "ለእማዬ እንዳትነግራት" የሚለው ጋ ስትደርስ "ተንኮለኛ!" አለች፣ እሱን ስትቆጣው እንደምትለው። እስከ መጨረሻው ሰማችና እንደገና ክፈተው አለችኝ። ከዚያ፣ "ልጁን አሁን ማን ያነሳዋል?" አለች።

አላውቅም ነበር። ለጓደኛው ጻፍኩ። ሌላ ሰው እንደተመደበለት፣ ወደፊት ግን ምን እንደሚሆን እንደማይታወቅ መለሰልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ውጤቱ ወጣ። ልነግራት አልፈለግሁም፣ ራሷ ጠየቀችኝ።

"ሴትዮዋ አሸነፈች" አልኳት።

"የኔዋ?"

"ያንቺዋ።"

"እንግዲያው ጻፍላት" አለች። "መርዶውን ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ምን እንደምላት ሳስብ ነበር። ስትወዳደሪ ደጋፊሽ ነበርኩ በላት። ጸልዬልሻለሁ በላት። ያንን ልጅ አትንኪብኝ፣ ልጄ ያነሳው የነበረ ነው በላት።"

"እማዬ፣ እኛ እኮ ቴክሳስ ነው ያለነው። እዚያ ድምፅ የለንም።"

"ድምፅ ሰጠሁ በላት አልኩህ? ጻፍ ነው ያልኩህ። ደግሞ እንደለመድከው እንዳትፈጥር። እኔ ያልኩትን ጻፍ።"

ሥራ ቦታ በየእረፍቱ ሳጥን ላይ ተቀምጬ እሞክራለሁ። እንግሊዝኛዬ ለዌርሃውስ ይበቃል፣ ለዚህ አልበቃ አለኝ። እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ፣ ተነስቼ እዞራለሁ። እስካሁን ያለኝ አንድ መስመር ነው፤ ወንድሜ አልመረጠሽም፣ እናቴ ግን ወዳሻለች የሚል። ቤት ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "ላክኸው?" ትለኛለች።