ግድግዳ የሚያዳምጡት ሽማግሌ

ኩሜኮ የቡድሃ ቤተ መቅደሱን የመቀመጫ ትራሶች ስትደረድር ለእኒያ ሽማግሌ ከግድግዳው ጥግ አንድ ታስቀምጥላቸዋለች። ስማቸውን አታውቅም። አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ጠባሳ አለ፤ ቆዳቸው ውስጥ የቀረ የድንጋይ ከሰል ነው። በዚህ ከተማ ከሰል ሲቆፍር የኖረ የጉድጓድ ሰው የሚለየው በእሱ ነው።

መነኩሴው የቀርከሃ ዋሽንቱን ሲነፋ ሌላው ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ።

«ግድግዳው ሐሜት ይነግራቸዋል» እያሉ ሴቶቹ ይሳሳቃሉ።

ኩሜኮ አትስቅም። መነኩሴው አየር ሊስብ ዋሽንቱ ዝም ባለ ቁጥር የሽማግሌው ፊት አመድ ይመስላል። እሳቸውም የሚተነፍሱት ድምፁ ሲመለስ ነው።

ዛሬ መነኩሴው ጨርሶ፣ የዋሽንቱን ውስጥ በጨርቅ ወልውሎ ወጣ። ሰዉም ተበተነ። ሽማግሌው ከግድግዳው አልተላቀቁም።

«አባባ፣ አለቀ እኮ። በሩን ልዘጋው ነው» አለቻቸው።

«ቆይ፣ አትዝጊ ልጄ» አሉ ጆሯቸውን ሳያነሱ። «ጉድጓዱ በእሳት የተያያዘ ዕለት አለቆቹም ‹አለቀ፣ ድምፅ የለም› ብለው ነው አፉን ያስደፈኑን። ወንድሜ እውስጥ ቀርቶ፣ በሕይወት መኖሩን እንድንሰማ ዋሽንቱን ይነፋልን ነበር። ዝም ያለው እኮ ትንፋሽ ሊሰበስብ ነው።»