የሚሮጠው ሙዝ፣ የሚከተለን ተራራ

ሲቀላ ገበያ የበሰለ ማንጎ ሲሸተኝ ልቤ ጫኖ በሚባለው መንደር፣ አጎቴ ቶማ ማሳ ላይ ነው የሚገኘው። በልጅነታችን ማንጎ የሚለቀምበት ቀን ለእኛ በዓል ነበር። አጎቴ ዛፉ ላይ ወጥቶ እየቀጠፈ ይወረውራል፤ ልጆች ከሥር ሆነው ይቀልባሉ። መሬት የነካውን ነጋዴ ስለማይወስደው፣ ቀላቢ መሆን ትልቅ ማዕረግ ነበር።

እኔ ደግሞ ግራ ዓይኔን ገና በሕፃንነቴ ኩፍኝ ወስዶታል። በአንድ ዓይን ማንጎው ይቅረብ ይራቅ አይለይልኝም፤ እጄን ስዘረጋ ወይ አልፎኛል ወይ ገና ነው። አንዴማ ግንባሬ ላይ አርፎ ፈረጠ። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። እኔም ጭማቂውን እየላስኩ ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን አረረ። አክስቴም "አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም" ብላ ቅርጫት ጠባቂ አደረገችኝ። ቅርጫት መጠበቅን የመሰለ አስጠሊታ ሥራ የለም።

አንድ ቀን ማንጎ በጫነ አይሱዙ ላይ ሆነን ወደ ሲቀላ ስንሄድ፣ መንገድ ዳር ያለው ሙዝ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ማዶ ያለው ተራራ ግን አብሮን ይጓዛል። ለካ የሚሮጠው ቅርቡ ነው፤ ሩቁ ይከተላል። መኪናው ሲቆም ሁሉም ቀጥ አለ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አንገቴን ግራና ቀኝ ሳወዛውዘው ሙዙ እንደገና መሮጥ ጀመረ። ደስታዬ ወሰን አጣ። ቅርቡን ከሩቁ ለመለየት አይሱዙ አያስፈልገኝም ነበር።

በሚቀጥለው ለቀማ ቅርጫቴን ትቼ ከዛፉ ሥር ቆምኩ። አጎቴን አንድ ብቻ እንዲወረውርልኝ ለመንኩት።

"ከሳትሽው ወደ ቅርጫትሽ ነው" አለኝ።

አንገቴን እያወዛወዝኩ ጠበቅኩ። ወረወረው። ማንጎው እየቀረበ ሲመጣ ከኋላው ካለው ቅጠል ይበልጥ ሲሮጥ አየሁት፤ መዳፌን ዘረጋሁ፣ መጥቶ አረፈበት።

አጎቴ ከላይ ሆኖ "ይቺ ልጅ እምቢ እያለች ነው እንዴ የምትቀልበው?" አለ። አክስቴ ቅርጫቱን ራሷ አነሳችው።

አሁን የሚቀልቡት የአጎቴ የልጅ ልጆች ናቸው። ሁሉም ሁለት ጤነኛ ዓይን አላቸው። ከዛፉ ሥር ሲቆሙ ግን አንገታቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። ባለፈው ትንሿን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ማንጎ እንዲህ ነው የሚቀለበው" አለችኝ፣ የማላውቅ መስያት።

ልጅ ሳለሁ ምኞቴ እንደ ሌሎቹ ልጆች መሆን ብቻ ነበር። ሳቄን ዋጥ አድርጌ አጠገቧ ቆምኩና አብሬያት አንገቴን አወዛወዝኩ።