ሃያ ደቂቃ የተዘጋ መስመር

የዚያን ቀን ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ካቆየሁት እንደ ልማዴ አሳምረዋለሁ። ሞርታር ሲወርድብን የሬዲዮዬ መነጋገሪያ ላይ በደረቴ ተኛሁበት። የመናገሪያው ቁልፍ እንደተጫነ ቀረ። ቁልፉ ከተጫነ ደግሞ ማንም ሊያናግረን አይችልም። ይህን ለምልምሎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

ልጆች፣ ያኔ ሰላም አስከባሪ ሆነን ሰው አገር ነበርን። ኮረብታው እዚህ ካምፓላ ያለውን የናጉሩን ኮረብታ ያህል ቢሆን ነው፤ ዛፍ ግን የለውም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ ተከበብን። ሊረዱን የተመደቡት ሄሊኮፕተሮች የሌላ አገር ናቸው፤ እንዲተኩሱ መንግሥታቸው ከባሕር ማዶ እሺ ማለት አለበት። ስምንት ሰዓት ላይ ጠራኋቸው። «ፈቃድ እየጠበቅን ነው» አሉኝ። ወዲያው ሞርታሩ መጣ፤ ተኛሁ።

አሥር አለቃ ጌታሁን መትረየሱን ይዞ አጠገቤ ነበር።

«ምን አሉ?»

«የሚኒስትራቸውን እሺታ ይጠብቃሉ።»

«ምሳ ላይ ይሆናላ። የእኔ ጥይት ግን እያለቀ ነው።»

ጠበቅን። ሬዲዮው ዝም አለ። በግራ ያለው ምሽግም ዝም አለ። ሄሊኮፕተሮቹ ከኮረብታው ጀርባ ሲዞሩ ይሰማናል፤ አይመጡም። ሚኒስትሩን ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት።

«ተው፣ ሰውየው ይሰማሃል» አለ ጌታሁን።

ከዚያ ተመታ። ልስበው ስገለበጥ ሬዲዮው ከሥሬ ጮኸ፤ «አቅጣጫ ስጡን!» ሰጠሁ። ሄሊኮፕተሮቹ መጥተው ተኮሱ፤ በአራት ደቂቃ ውጊያው አለቀ።

ማታ አብራሪው መጣ። «ፈቃዱ በአሥር ደቂቃ ደርሶን ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ስጠራህ የሰማሁት ትንፋሽህንና ስድብህን ነው።» ለአዛዦቼ አልነገረም። እኔም አልነገርኩም።

ሦስት ሰው ቀበርን፤ ከግራው ምሽግ ሁለት፣ ጌታሁን ሦስተኛ። ባሕር ማዶ ያሉት በአሥር ደቂቃ ወሰኑ። እኔ ደረቴን ለማንሳት ሃያ ፈጀብኝ።

የጌታሁን እህት ዘነበች እዚህ ካምፓላ ምግብ ቤት አላት። ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝ ከተማውን ዘግቶ፣ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት እንኳ ሰው እንዳይጭን የተከለከለ ጊዜ፣ በእግሬ እየሄድኩ በሯ ላይ ሽሮ እቀበላት ነበር።

«ጋሼ፣ ያ ፈቃድ ግን ምን ሆኖ ዘገየ?» ትለኛለች፣ ጭልፋዋን እንደያዘች።

«ፈረንጅ አይደል፤ ስብሰባ ይወዳል» እላታለሁ። ትስቃለች።

ዛሬም እሄዳለሁ፤ ዛሬም ትጠይቀኛለች። የጥያቄዋ መልስ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው።