ታርጋው 98 የሚለው መኪና

ፊንታንን በደንብ አውቃቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም፤ ጎረቤታሞች ብቻ ነን። እዚህ አየርላንድ ታርጋ የሚጀምረው መኪናው አዲስ በነበረበት ዓመት ነው፤ የእሳቸው 98 ይላል። የገዛችው ልጃቸው ኑላ ነበረች። አውስትራሊያ ስትሄድ፣ «አባዬ፣ ስመለስ እነዳዋለሁ፤ እንዳትሸጠው» አለቻቸው። እሑድ እሑድ አጥበው ሞተሩን ያስነሱታል፤ ከግቢ ግን አይወጣም።

ባለፈው እሑድ እኩያቸው፣ ባለጋራዡ ኮልም፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «አንተ ሽማግሌ፣ በዚያ ዓመት የተወለደ ሁሉ እኮ ወልዷል! ሽጠውና ተገላገል» አሏቸው።

«አንተ ከሱ ታረጃለህ፤ ሚስትህ መቼ ሸጠችህ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ኮልም ሲሄዱ እየፈራሁ፣ «ኑላ የምትመለስ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«እሱን እንኳ አትጠይቀኝ» አሉኝ።