የአራሷ ጣሪያ

እሳት አደጋ ሠራተኛ ሲባል ሰው ውሃ የሚረጭ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ጎንደር ማዘጋጃ ቤት ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ከውሃው ይልቅ በእጄ የኖረው ሜንጦ ነበር፤ ጫፉ ላይ ቆልማማ ብረት የተሰካበት ረጅም እንጨት። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ማኪና ጠዋት ጠዋት ከቀሐ ወንዝ ውሃ እንሞላዋለን፣ ጎማውን እናያለን፣ አቧራ ሲበዛ መንገድ ላይ ውሃ እንረጭበታለን። እሳት ሲነሣ ግን ያቺ ውሃ ምን አላት! ሁለት ጎጆ ሳታጠፋ ታልቃለች። ስለዚህ ዋናው ሥራችን ገና ያልነደደውን ቤት ሣር ክዳን ጎትቶ መጣል ነበር፣ እሳቱ የሚዘልበት እንዲያጣ።

የሰው ቤት እያፈረሱ ምርቃት የለም። ባለቤቱ በሩ ላይ ይገተርና ያልሆነውን ይምላል፤ በሽተኛ ተኝቷል ይላል፣ መነኩሴ ሱባዔ ይዘዋል ይላል። ከሁሉ የሚበዛው ግን «አራስ አለች» ነው። ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራስ ቤት ባዕድ ወንድ ዘው ብሎ አይገባም፤ ከዚህ የሚበልጥ ቁልፍ ከየት ይገኛል? አንዴ አንዱ በታቦት ምሎ አስቆመኝ። እኔም ሞኙ፣ አራሷ ተሸፋፍና እስክትወጣ ብዬ ስጠብቅ እሳቱ ተሻግሮ ሦስት ቤት በላ። በኋላ ብንገባ አራስ የተባለችው ሁለት ጋን ጠላ! አለቃችን በሰው ፊት «ለጠላ ዘብ ቆመህ ሰፈር አስፈጀህ» ብሎ አዋረደኝ። ከዚያ ወዲያ አራስ ሲሉኝ ደሜ ይፈላ ጀመር።

አንድ የመጋቢት ቀትር፣ ነፋሱ አላስቆም ባለበት ሰዓት፣ ከከተማው ዳር ጭስ ታየ። ስንደርስ አራት ጎጆ ተያይዟል። አለቃችን ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ያለችውን አምስተኛዋን አሳየኝና «እሷን አውርድ!» አለኝ። በሩ ላይ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ኧረ በእመቤቴ! አራስ አለች፣ ሴት ልጄ ናት! ሸፋፍኜ እስካወጣት ታገሠኝ!»

«ስንት ጋን ወለደች?» አልኳቸው።

ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ብደብቀው ምን ይረባኛል?

አሮጊቷ ሜንጦውን ሙጭጭ አድርገው ያዙ። በክንዳቸው ይዤ ወደ ጎን ገፋኋቸውና አፈር ላይ ቁጭ አሉ። ሜንጦውን የጣሪያው ወራጅ እንጨት ላይ ሰካሁ፣ ሦስት ሆነን ሳብን፣ ግማሹ ጣሪያ ከነወራጁ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። አቧራው ገና ሳይሰክን ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ።

እሳት ፊቴን ሲለበልበኝ እንኳ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» እያልኩ ሣሩን በእጄ እየቧጠጥኩ ገባሁ። ሴትዮዋ መደቡ ላይ በጉልበቷና በክርኗ ተደፍታለች፤ ጀርባዋ ላይ ወራጅ ተጋድሟል፤ ቅቤ በጠጣው ፀጉሯ ላይ ገለባ ተለጥፏል። ልጁ ከሥሯ ይጮኻል። ግራ ክንዷ ወደማይሆን በኩል ታጥፏል። እሷ ግን ስለ ክንዷ መች አነሣች! «ፀሐይ መታው! ሸፍንልኝ፣ ልጄን ፀሐይ መታው!» ትላለች። ኮቴን አውልቄ ሁለቱንም ሸፈንኳቸውና ተሸክሜ አወጣኋት። ልጁን ልቀበላት ብል እንቢ አለች።

እሳቱ እዚያው ቆመ። ያ ጣሪያ ባይወርድ ሰፈሩ ሙሉ ባለቀ ነበርና ሴቶቹ እልል አሉ፤ አለቃዬም «ሸጋ ሥራ!» ብሎ ትከሻዬን ጠበጠበኝ። ልጁን አገላብጠው ቢያዩት ጭረት እንኳ የለበትም። ወጌሻ መጥቶ የእናቲቱን ክንድ ሲያቃና ግን ጩኸቷ ከእልልታው ጋር ተደባለቀ። ሰው ሁሉ ይመርቀኛል፣ እኔ ዓይኔን ከክንዷ አላነሣሁም።

አሮጊቷ ቀሚሳቸውን እያራገፉ ወደ እኔ መጡ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እንዲያውም በረገሙኝ ብዬ ተመኘሁ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁሉም ይዋሻል እኮ፤ የእርስዎም ውሸት መስሎኝ ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ከልባቸው መልስ እንደሚሻ ሰው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ታዲያ አራስን ከአራስ ሌላ ምን ብዬ ልንገርህ ነበር፣ ልጄ?»